ሚስ ሉቬኒያ የፈረሙበት ወረቀት

«ኩሽና ውስጥ አልነበረም!» አለ ሮስኮ፣ እስክሪብቶውን እንደ መዶሻ ጠረጴዛው ላይ እየመታ። «በረንዳው ላይ ነው። በረዶ ይጥል ነበር። የእናቴን ግራጫ ካፖርት ለብሰሽ ነበር።»

«ካፖርቱን የለበስኩት ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ ነው» አለች ቨርና፣ ዓይኗን ከመጥበሻው ሳትነቅል። «የተጋባነው ኩሽና ውስጥ ነው። እዚሁ፣ ምድጃው አጠገብ። እኔ የድንች ልጣጭ በእጄ ይዤ ነበር።»

«ሰው የድንች ልጣጭ ይዞ ያገባል?»

«አስቀምጪው መች አልከኝ?»

«ስለዚህ እኔ አልነበርኩም ማለት ነው። በገዛ ሠርጌ ላይ!»

«በአካል ነበርክ፣ አቶ ጌይንስ» አለችና እንቁላሉን ገለበጠችው።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ አቶ ጌይንስ ብላ የምትጠራው ስትናደድበት ብቻ ስለሆነ፣ ሮስኮ ክርክሩን ትቶ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። ከፊቱ ባለ አራት ገጽ ቅጽ ተዘርግቷል። የቨርናም እንደዚያው ያለ ቅጽ በጨው ዕቃው ሥር ተቀምጧል። ጡረታ ቢሮ ያለችው ልጅ፣ ጥፍሯ የጣቷን ያህል የረዘመ፣ ለየብቻችሁ ሙሉት ብላ አስጠንቅቃቸዋለች። ዘጠነኛው ጥያቄ «ባልና ሚስት ለመሆን የተስማማችሁት መቼ፣ የት፣ በምን ቃል ነው?» ይላል። መቼ በሚለው ላይ አልተጣሉም፤ 1986፣ ጥር ውስጥ ነው። ቃሉም ያው ነው። እሱ «ከዛሬ ጀምሮ ሚስቴ ነሽ» አለ፤ እሷ «አንተም ባሌ ነህ፣ አሁን ከምድጃው ዞር በል» አለች። ግማሽ ቀን የጠፋው የት በሚለው ነው፤ እሷ ደግሞ ለባሏ ስትል ሠርጓን ወደ በረንዳ የምታዛውር ሴት አይደለችም።

ነገሩ የመጣው ከጡረታው ነው። ሮስኮ በከተማው አውቶቡስ ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ አሁን በየወሩ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዶላር ይገባለታል። ቨርናም ሥራ ፈትታ አታውቅም። ግማሽ የምዕራብ ፊላደልፊያ ሴት በዚሁ ኩሽና፣ በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ታጥባለች፣ ተሠርታለች፣ ሙሽራ ሆና ወጥታለች፣ ለቀብር ተዘጋጅታለች። ግን ክፍያው ከእጅ ወደ እጅ ነበርና ለመንግሥት የተነገረ ነገር የለም። በስሟ የተመዘገበው ገና ወጣት ሳለች በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የሠራችው ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ነው። በመንግሥት መዝገብ ቨርና ሁለት ዓመት ተኩል የኖረች ሴት ናት። ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት ጉልበቷ መቆም ሲያቅተው ነው ጡረታ ቢሮ የሄደችው። ጥፍራሟ ልጅም ኮምፒውተሯን ነካክታ፣ «በራስሽ የሚደርስሽ የለም። በባልሽ ሥራ ግን ሚስት የሚገባትን ግማሽ ማግኘት ትችያለሽ። ከሱ ላይ ሳንቲም አይቀነስም። የጋብቻ ወረቀቱን ብቻ አምጪልኝ» አለቻት። ወረቀት የለም። ቄስ ፊት አልቆሙ፣ ዳኛ ፊት አልቆሙ። ልጅቷ ግን ደግ ልጅ ነበረች። በዚህ ክፍለ ሀገር ከ2005 በፊት በቃላቸው ተጋብተው እንደ ባልና ሚስት የኖሩ ሰዎች በሕግም ባልና ሚስት ናቸው አለች። ለዚህ ሁለቱም ቅጽ ይሞላሉ፤ ከሁለቱም ወገን ደግሞ አንድ አንድ የሥጋ ዘመድ ይመሰክራል። ቀጠሮው ሰኞ ነው። የቨርና የአጎት ልጅ ከደቡብ ካሮላይና የምስክርነቱን ወረቀት በፖስታ ልኳል። በሮስኮ በኩል ያን ዘመን ከሚያውቁት በሕይወት የቀሩት አንድ እህቱ ናቸው፤ ሚስ ሉቬኒያ።

ሮስኮ እንቁላሉን እየበላ፣ «እኔ እንደሆንኩ» አለ ለስለስ ብሎ፣ «ማዘጋጃ ቤት ሄደን ዘጠና ዶላራችንን ከፍለን እንጋባ ብያለሁ። ገንዘቡ እስኪፈቀድ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው፣ በቃ። አንድ ዓመት ምን አላት?»

«ሮስኮ፣ ሰኞ ዕለት ሙሽራ ከሆንኩ እስከ እሁድ ድረስ ምን ነበርኩ?»

ሮስኮ የእንቁላሉን ርዝራዥ በዳቦ ጠረገ።

«ሉቬኒያ ትፈርማለች ብለሽ ነው?» አለ በመጨረሻ።

ቨርና ሳህኑን አነሳችለትና የደርዘን እንቁላል ዋጋ አምስት ዶላር ተኩል መግባቱን ነገረችው። ከዚያ ሻምፖዋን፣ ማበጠሪያዎቿን፣ ቢጎዲኖቿን በቦርሳዋ ከታ፣ የምስክርነቱን ቅጽ እንዳይረጥብ በፕላስቲክ ጠቅልላ ከላይ አስቀመጠች። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ የሚስ ሉቬኒያ ጸጉር የሚሠራበት ቅዳሜ። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ ቨርና ሄዳ ትሠራላቸዋለች። ሮስኮ ላድርስሽ ሲላት እምቢ አለችው። ወንድምና እህት አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ታውቃለችና በአውቶቡስ ሄደች።

ሚስ ሉቬኒያ የሚኖሩት በአረጋውያን መኖሪያ ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ማሞቂያው በጋ ክረምት አይጠፋም፤ መስኮቱ አራት ጣት ብቻ ይከፈታል። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ፕላስቲኩ አልወለቀም፤ በሙቀት ቀን የተቀመጠ ሰው ሲነሳ እንደ ፕላስተር እየተላቀቀ ነው የሚነሳው። አንደኛው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ የባርኔጣ ሣጥን ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ የተገዛበት ዓመትና የተደረገበት በዓል በእጅ ጽሑፍ ተለጥፏል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነጭ ለብሰው የሚቀመጡ እናት ናቸው፤ ሰዉ ሁሉ እማማ ጌይንስ ይላቸዋል። አላገቡም። እናታቸው በሰው ቤት ሲሠሩ ይውሉ ስለነበር፣ ሮስኮን በጀርባቸው አዝለው፣ ፊደል አስቆጥረው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በሌላኛው ግድግዳ ላይ የቤተሰቡ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ከነዚያ መካከል ሮስኮ ጡረታ ሲወጣ የተነሳው አለ፤ የክፈፉ ጠርዝ የቨርናን ፊት ደብቆ ትከሻዋንና የአበባ ቀሚሷን ክንድ ብቻ አስቀርቷል።

ውሃው ሲሞቅ ስለ ዋጋ አወሩ። ሚስ ሉቬኒያ ለፋሲካ ያዩት ባርኔጣ መቶ ሠላሳ ዶላር ተብለው፣ «ከነራሱ ነው ወይስ ባዶውን?» ብለው ሻጩን ማሳፈራቸውን ተረኩ። ቨርና ሳቀች። አንገታቸውን በፎጣ ደግፋ ወደ መታጠቢያው አጋደመቻቸውና በጣቷ ራሳቸውን ማሸት ጀመረች። የሚስ ሉቬኒያ ጸጉር ሳስቷል፤ የራስ ቅላቸው ከእጇ ሥር እንደ እንቁላል ይሰማታል። የቱ ጋ ጠባሳ እንዳለ፣ የቱ ጋ እንደሚያማቸው፣ ስንት ጊዜ ሲታሽ ዓይናቸው እንደሚከደን ታውቃለች። ባሏን እንኳ እንዲህ አታውቀውም። በዚህ ጊዜ ሁለቱም አይናገሩም። የዛሬው ዝምታ ግን የወትሮው አልነበረም፤ ቨርና ነገሩን ሦስት ጊዜ ከአፏ መለሰችው፤ ሚስ ሉቬኒያም ዓይናቸውን ሳይከድኑ ጣሪያውን ያያሉ።

«በሆድሽ የያዝሽው ምንድነው?» አሉ ድንገት። «ጣቶችሽ ያወራሉ።»

ቨርና ጸጉራቸውን በቢጎዲን እየጠቀለለች ነገረቻቸው። ጡረታውን፣ ቅጹን፣ የሥጋ ዘመዱን፣ ሰኞን። የመጨረሻውን ቢጎዲን ስትሰካ ሚስ ሉቬኒያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወረቀቱን ስጪኝ ማለታቸው ነው። ከመሳቢያቸው ትልቁን ማጉያ መነጽር አወጡና፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ እንደሚያደርጉት እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብለው እያነበቡ መሙላት ጀመሩ። ስም። ዕድሜ። ዝምድና፤ እህት። ከመቼ ጀምሮ ያውቋቸዋል? በደንብ ያውቋቸዋል።

«አንድ እሁድ እራት ላይ ነው የነገረን» አሉ እስክሪብቶውን አንስተው። «እናቴ ቤት። ‹እኔና ቨርና ተጋብተናል› አለ፣ ጨው አቀብሉኝ እንደሚል። ምስክሩ ማን ነበር ብዬ ብጠይቀው ‹ምድጃው› አይለኝም?»

«ምድጃው!» ቨርና ማበጠሪያዋን ከፍ አደረገች። «ምድጃው ነው ያለው? በረንዳ ላይ ምድጃ አለ? ዛሬ ጠዋት በረንዳ ላይ ነው ብሎ ሊሞት ነበር እኮ!»

«አታስቂኝ፣ አልሳቅሁበትም ያኔ» አሉ ሚስ ሉቬኒያ። አፋቸው ዳር ግን ትንሽ ተንቀሳቅሶ ነበር። «ለሠርጉ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ በእጄ ጠልፌ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ። ማንም ነይ ሳይለኝ፣ ማንም ተቀመጪ ሳይለኝ፣ ምድጃ ምስክር ሆነ።»

ቨርና ስለ ጠረጴዛ ልብሱ ሰምታ አታውቅም ነበር። ሚስ ሉቬኒያ ወደ ወረቀቱ ተመለሱና አሥራ አንደኛውን ጥያቄ አነበቡ፤ «እነዚህን ሰዎች ለሌሎች ሲያስተዋውቁ ምን ብለው ነበር?» ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ ሆን ብሎ ሐሰት የጻፈ በሕግ ይጠየቃል ይላል። ማጉያ መነጽሩን ደቃቁ ፊደል ላይ ብዙ አቆዩት። ከዚያ እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥመው አስቀመጡት።

«ይሄን መሙላት አልችልም።»

«እውነቱን ይጻፉ፣ ሚስ ሉቬኒያ።»

«እውነቱን ብጽፍ አንቺ ጡረታውን አታገኚም። ብዋሽ እኔ መንግሥተ ሰማያትን አላገኝም። የቱ ይሻላል?»

ቨርና ከእግራቸው ሥር የወደቀ ቢጎዲን አነሳች። እውነቱን ሁለቱም ያውቁታል። «ይቺ የወንድሜ ወዳጅ ናት።» በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በልደት፣ በሐኪም ቤት፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የተባለው ይሄው ነው። እናታቸው በሞቱ ጊዜ ለቀብሩ በታተመው ወረቀት ላይ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የእህት ልጆች በየስማቸው ተዘርዝረው፣ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ በአባቷ ቤት ስም፣ «እና ልዩ ወዳጃችን ቨርና ታተም» ተብሎ ነበር። ቨርና ያንን ወረቀት አንድም ቀን ለማንም አንስታ አታውቅም። አሮጊቷን ሦስት ዓመት ያጠበቻቸውና ያጎረሰቻቸው እሷ ነበረች። አሁን ግን ሰኞ ቀረበ፣ ጉልበቷም ደከመ፣ አፏም አመለጣት።

«በእናትዎ ቀብር ወረቀት ላይ ያስጻፉት ይበቃኝ ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ። «ዛሬ ደግሞ ለመንግሥት ሊደግሙት ነው።»

ማሞቂያው ይንተከተካል። ከታች የአምቡላንስ ድምፅ መጥቶ ሄደ። ሚስ ሉቬኒያ በቢጎዲን የተሞላ ራሳቸውን ቀና አድርገው ፎቶዎቹን ያያሉ፤ ቨርና ተቆጥተዋል ብላ አሰበች።

«‹ልዩ› የምትለውን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ጸሐፊዋ ‹ወዳጅ› ብቻ ብላ ነበር።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ቨርናን ስቃ ልታለቅስ ወይም አልቅሳ ልትስቅ አደረሳት። ለካ ሴትየዋ ይህን ሁሉ ዓመት ያችን አንዲት ቃል እንደ ስጦታ ቆጥረው፣ ተቀባይዋ አመሰግናለሁ እስክትል ይጠብቁ ነበር።

ሚስ ሉቬኒያ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ለምሳ አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ተነሱና ዱላቸውን ያዙ። «ነይ» አሉ።

«የት? ጸጉርዎ እኮ ርጥብ ነው! ማድረቂያው ካስክ ሥር መግባት አለብዎት። ቢያንስ ሻሽ ልሰርልዎ—»

«ሻሽ አልፈልግም። ነይ አልኩሽ። የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይሁን።»

እማማ ጌይንስን ያለ ባርኔጣ ያየ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ የለም። የእሳት አደጋ ደወል በጮኸበት ሌሊት እንኳ ሐምራዊ ባርኔጣቸውን አድርገው ነው የወረዱት ይባላል። ዛሬ ሮዝና ሰማያዊ ቢጎዲን በራሳቸው ላይ ተደርድሮ፣ ውሃው በጆሯቸው ሥር እየተንጠባጠበ፣ የምሳ አዳራሹን በር በዱላቸው ገፉ። አዳራሹ የተጠበሰ ዓሣና የጎመን ሽታ ሞልቶታል። ሹካ የያዘ ሁሉ ሹካውን አቆመ። ቨርና የፕላስቲክ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፤ እጇ ሻምፖ ሻምፖ ይላል፤ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

መጀመሪያ በር አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ሄዱ። እህት ፒፕልስ የምትባል፣ ጠረጴዛው ላይ መድኃኒቷን በቀለም በቀለም የደረደረች ሴት ተቀምጣለች።

«እህት ፒፕልስ፣ ከወንድሜ ሚስት ጋር ተዋወቂ።»

ሴትየዋ አንዴ ቨርናን አንዴ ቢጎዲኑን አየች። «እማማ ጌይንስ፣ ደህና ነዎት? ይቺ እኮ ቨርና ናት። ባለፈው ወር ጸጉሬን ሠርታኛለች።»

«ስሟን መቼ ጠየቅሁሽ? ማን እንደሆነች ነው የምነግርሽ። የወንድሜ ሚስት ናት። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አንድ» አሉ ሚስ ሉቬኒያ፣ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ እያለፉ።

በመስኮቱ በኩል ዶሚኖ የሚጫወቱ አራት ሽማግሌዎች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ተነገራቸው፤ በጅምላ አይሆንም አሉ ሚስ ሉቬኒያ። የመጨረሻው፣ አቶ ቶሊቨር የሚባለው ረጅሙ ሰውዬ፣ ድንጋዩን በእጁ እንደያዘ ቆመና የቨርናን እጅ ጨበጠ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! ሮስኮ መቼ አገባ?»

«በ1986።»

«ኧረ እባክዎ! ኬኩስ?»

«ኬኩ እኔ ጋ አልደረሰም፣ ላንተ ከየት ይድረስ? አምስት።»

ከዚያ ምሳ የምታድለው ሴት፣ ከዚያ ነርሷ፣ ከዚያ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች፣ ከዚያ ጆሯቸው የማይሰማ ባልና ሚስት። ለነሱ መጮህ ነበረባቸውና «የወንድሜ ሚስት!» የሚለው ቃል ጣሪያውን መትቶ ተመለሰ። ቨርና ከኋላቸው እየተከተለች፣ መጀመሪያ ላይ መሬት ቢውጣት ደስ ይላት ነበር። ሰዎቹ ያውቋታል፤ ግማሾቹ በእጇ የታጠቡ ናቸው። ነገር ግን እጇን እየጨበጡ «እንተዋወቅ» ሲሏት፣ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ፣ ሽርጧን አውልቃ በክንዷ ላይ አጣጠፈችና ቀና ብላ መቆም ጀመረች። ለነርሷማ እሷው ቀድማ፣ «ቨርና ጌይንስ እባላለሁ» አለቻት። ሚስ ሉቬኒያ ዘወር ብለው አዩአት፤ አላረሟትም። ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላም ክንዷን ያዙ፤ ጉልበታቸው ስለደከመ ይሁን በሌላ ምክንያት ቨርና አላወቀችም።

ወደ ላይ ሲመለሱ አሥራ አንድ ሰው ደርሷል። ቨርና ካስኩን ሰክታ አስቀመጠቻቸው፤ እሳቸውም ካስኩ በራሳቸው ላይ እያፏጨ፣ ቅጹን ትሪ ላይ አድርገው፣ ረጅም ጊዜ ወስደው ጻፉ። አንዴ ‹ጥፋት› የሚለውን ቃል አስተካክለው መጻፋቸውን ለማየት ማጉያ መነጽሩን ጠየቁ። ፈርመውና ቀኑን ጽፈው ሲጨርሱ፣ ሳያዩአት ወረቀቱን ዘረጉላት። ቨርና መስኮቱ አጠገብ ሄዳ አነበበችው። እንደ ባልና ሚስት ይቆጥሯቸው ነበር ወይ ለሚለው፣ «አዎ፣ ከ1986 ጀምሮ። አልተናገርኩም እንጂ አውቅ ነበር» ይላል። ለአሥራ አንደኛው ጥያቄ የተሰጠው ቦታ አልበቃ ብሎ ጽሑፉ በጠርዙ ወርዶ ነበር። «እስከ ዛሬ ጠዋት የወንድሜ ወዳጅ እል ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ የእነሱ አይደለም። ከዛሬ ምሳ ሰዓት ጀምሮ የወንድሜ ሚስት ብያለሁ። አሥራ አንድ ሰው ሰምቷል። ካስፈለገ ስማቸውን እልካለሁ።»

ጥፍራሟ ልጅ ይህን ስታነብ ምን ትል ይሆን? ቅንድቧን ታነሳ ይሆናል፤ አለቃዋን ትጠራ ይሆናል። የቨርና የአጎት ልጅ የሞላው ቅጽ «አዎ፣ አዎ፣ አዎ» ብቻ ነው። ይሄኛው ግን ጠማማውም ቀጥተኛውም አንድ ላይ ያለበት ነው። ቀይሩልኝ ብትል ይቀይሩላት እንደሆነም አታውቅም። አልጠየቀችም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ በፕላስቲኩ ጠቅልላ በካፖርቷ የደረት ኪስ ከተተችው።

ቢጎዲኑን ፈትታ ጸጉራቸውን ስታበጥር ሚስ ሉቬኒያ ስልኩን አቀብዪኝ አሉ። የሮስኮን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል።

«ሮስኮ? እኔ ነኝ። ዝም በልና ስማ። የጠረጴዛ ልብስ ጠልፌልህ እንደነበር ታውቃለህ?... አታውቅም። እንዴት ታውቃለህ፣ መቼ ጠየቅኸኝ! አሥራ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ!... አይ፣ አንተ ነህ የምትሰማው። ያሳደግሁህ እኔ ነኝ...»

ከስልኩ ውስጥ የሮስኮ ድምፅ ይጮሃል፤ በረንዳ የሚል ቃል ደጋግሞ ይሰማል። ቨርና ከግንባራቸው ላይ የወረደችውን የመጨረሻዋን ዘለላ በጣቷ ጠቅልላ ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ካስኩን ከሶኬት ነቀለች። ቢጎዲኖቹን ቆጥራ በቦርሳዋ ከተተች፣ መታጠቢያውን ጠረገች፣ እርጥቡን ፎጣ ማሞቂያው ላይ ዘረጋችው። ሚስ ሉቬኒያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ዱላቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ፣ የእናታቸውን ቤት፣ እሁዱን እራት፣ ያን ቀን የነበረውን ዶሮ ሳይቀር ለወንድማቸው ያስታውሱታል። ቨርና ካፖርቷን ለበሰች። ወረቀቱ በደረት ኪሷ መኖሩን በእጇ ዳሰሰች፣ በሩን ቀስ ብላ ከኋላዋ ሳበችና ወደ አሳንሰሩ ሄደች።